ልጁን ስትመክሩ አባቱንም እዩት

የእኛ የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) በዓል የሆነው ስግድ ሲቃረብ ስልኬ ፋታ የለውም። ከየትምህርት ቤቱ ይደውላሉ፤ «ነጭ ቀሚስሽን ለብሰሽ፣ ጀበናና ሲኒ ይዘሽ፣ ዳቦም ጋግረሽ ብትመጪልን» ይሉኛል። ደዋዮቹ ለልጆቹ ከልብ የሚያስቡ መምህራን ስለሆኑ እምቢ ማለት አልወድም። እሄዳለሁ፤ ቡና እቆላለሁ፤ ዕጣን አጨሳለሁ፤ ልጆቹ ዳቦውን ቀምሰው፣ ፎቶ ተነሥተው ይበተናሉ። ሳምንት ሳይሞላው እዚያው ግቢ ውስጥ የአንድ ልጅ አባት ለስብሰባ ይጠራል። ከመምህሯ፣ ከአማካሪዋና ከርእሰ መምህሩ ፊት ይቀመጣል። ስለ ልጁ በፈጣን ዕብራይስጥ ይወራል፤ እሱ እጁን አጣምሮ ያዳምጣል፤ መጨረሻ ላይ ወረቀት ያቀርቡለትና ይፈርማል። «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ያለው ሰው የለም። ልጁ አጠገቡ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ያያል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ከወጣቶች ጋር የምንሠራ ሰዎች ስለ ባህልና ስለ ውክልና ብዙ እናወራለን። ውክልና ስንልም አብዛኛውን ጊዜ ልጁን የሚመስል መካሪ መመደብ ማለታችን ነው። ሥራው ላይ ስቆይ የገባኝ ግን ልጁ ፊት ከሁሉ በፊት መከበር ያለበት እቤት ያለው ትልቅ ሰው መሆኑ ነው። እናቱ፣ አባቱ፣ አያቱ። እነሱን ያላየ መካሪ፣ መልኩ ልጁን ቁርጥ ቢሆንም፣ ሥራው ግማሽ ነው።

ለማታውቁኝ፦ የምኖረው እስራኤል አገር፣ ርሖቮት ነው። ከሰዓት በኋላና ማታ በሰፈራችን የወጣቶች ማዕከል ከ13 እስከ 18 ዓመት ካሉ ልጆች ጋር እሠራለሁ፤ እዚህ መድሪኻ ይሉናል። የመጣሁት በልጅነቴ፣ በዘመቻ ሰሎሞን፣ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ነው። ደርግ ሊወድቅ ቀናት ሲቀሩት፣ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ 14,325 ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓዘ። ወንበሩ የተነቀለ አውሮፕላን ወለል ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን። ቤተሰብ እንዳይጠፋፋ ግንባራችን ላይ ቁጥር ተለጥፎብን ነበር። ዛሬ ከኢትዮጵያ የመጣነውና እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ተደምረን ከ160 ሺህ በላይ ነን፤ ርሖቮት፣ ነታንያ፣ አሽዶድ፣ ቂርያት ማላኺ፣ ቂርያት ጋት፣ ቤር ሼቫ፣ በየከተማው አለን። እኔ ጋ የሚመጡት ልጆች አብዛኞቹ እዚሁ የተወለዱ ናቸው። አማርኛ ይሰማሉ፤ ሲመልሱ ግን በዕብራይስጥ ነው።

ወጣትን ማስተማርና መምከር በእኛ ማኅበረሰብ ትናንት የተጀመረ ነገር አይደለም። የቤተ እስራኤል ልጅ የሆኑትን ታምራት አማኑኤልን ገና በወጣትነታቸው ዣክ ፌይትሎቪች የተባለው ምሁር ወደ አውሮፓ ወስዶ አስተማራቸው፤ ተመልሰውም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አዲስ አበባ ላይ የተከፈተውን የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት መሩ። እ.ኤ.አ. በ1955 እና በ1956 ደግሞ ከየመንደሩ የተመረጡ ወጣቶች በሁለት ዙር እስራኤል ውስጥ ክፋር ባትያ ወደሚባል የወጣቶች መንደር ተላኩ። የተላኩት ተምረው፣ ተመልሰው፣ የየመንደራቸውን ልጆች እንዲያስተምሩ ነበር፤ ብዙዎቹም ይህንኑ አደረጉ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ሐሳቡ አንድ ነው። ልጁ ይማራል፤ የተማረውን ይዞ ወደ ወገኑ ይመለሳል።

በ1980ዎቹ የሆነው ሌላ ነው። ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በዘመቻ ሙሴ 8 ሺህ ገደማ ሰው ከሱዳን ሲመጣ፣ አብዛኞቹ ታዳጊዎች አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። ብዙዎቹ ገና ሲመዘገቡ አዲስ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። አዳሪ ትምህርት ቤቱን ዝም ብዬ አልኮንነውም። ብቻቸውን፣ ወላጅ ሱዳን በረሃ ቀብረው ለመጡ ልጆች ቤት ሆኗቸዋል፤ ዛሬ ጠበቃ፣ ነርስ፣ የጦር መኮንን የሆኑ ብዙ ሰዎች የወጡት ከዚያ ነው። ነገር ግን ወላጅ ያላቸውም ልጆች ከቤት ርቀው አደጉ። ለሰንበት ሲመጡ አባትየው ልጁን የሚያዋራበት ቃል እያጠረው ሄደ። የመከሩት ሰዎች ሁሉ ደግ ቢሆኑም፣ ልጁ የሚማረው አንድ ነገር ነበር፦ ለመሻሻል ከቤት መራቅ ያስፈልጋል። የእኔ ትውልድ ይህን ይዞ ነው ወላጅ የሆነው። አሁን የምንመክራቸው ልጆች ደግሞ የእኛ ልጆች ናቸው።

እቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ አለች፤ ብልህ፣ ዝምተኛ። ሰኞ ሰኞ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ እየተወች እንደምትወጣ ተደርሶባት እናቷ ተጠሩ፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። አስተርጓሚ የተባለችው ልጅቷ ራሷ ናት። መምህሯ ተናገረች፤ ልጅቷ ምንም ሳትቀንስ ለእናቷ አስረዳች። እናትየው ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ረጅም ነገር ተናገሩ። ሰኞ የጽዳት ሥራቸው እስከ ማታ እንደሚቆይ፣ ትንሹን ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት የሚያመጣው ሰው እንደሌለ፣ ልጅቷ ለመውጣት የምትገደደው በእሳቸው ምክንያት እንደሆነ፣ ቢቻል የሥራ ተራቸውን ሊለውጡ አለቃቸውን እንደጠየቁ፣ መልስ እስኪመጣ ግን ትምህርት ቤቱ ያለፈውን ትምህርት በወረቀት ቢልክላት እቤት ተቀምጠው እንደሚያስጠኗት። መልክ የያዘ፣ የታሰበበት፣ መፍትሔ ያለው ንግግር ነበር። ልጅቷ ፊቷ ቀላ፤ ወደ መምህሯ ዞር ብላ «እሺ ብላለች» አለች።

ልጅቷ ዋሽታ አይደለም። እናቷ እንደ ተቸገረች ሰው እንዳትታይባት ብላ ነው። እኔ እናትየውን «እሜቴ፣ ያሉትን ሁሉ እንዲሰሙት እፈልጋለሁ፤ ይፍቀዱልኝ» አልኳቸውና አንድ በአንድ በዕብራይስጥ አስረዳሁ። መምህሯ ብዕሯን አንሥታ መጻፍ ጀመረች። በሚቀጥለው ሳምንት ወረቀቱ እቤት ደረሰ። ለልጅቷ ግን ከወረቀቱ ይልቅ መምህሯ እናቷ ሲናገሩ መጻፏ ነው የበለጠው። ከክፍሉ ስንወጣ እጇን እናቷ ክንድ ውስጥ አግብታ ነበር የምትሄደው።

ከዚያ ወዲህ አብሬያቸው ለምሠራቸው ወጣት መካሪዎች አንድ ነገር አጥብቄ እነግራቸዋለሁ። ስብሰባ ስትሄዱ የምትቀመጡት በወላጅ በኩል ነው። መጀመሪያ ወላጅን በአማርኛ ወይም በትግርኛ ጠይቁ፤ ቀጥሎ ነው ሌላው። ልጅን አታስተርጉሙ፤ ስለ ራሱ ጥፋት ፈጽሞ። አማርኛ የማትችሉ ከሆነ የሚችል ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ከጎንደር ወይም ከትግራይ የመጣ ሽማግሌ «አንተ» ሲባል የሚሰማውን ስሜት ልጁ ያውቀዋል፤ «እርስዎ» ሲባልም እንደዚያው።

አሁን ወደ ቅርሱ ልምጣ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ «ታዲያ ጀበናው ካልበቃ ምን እናድርግ?» እያለ ነው።

እኔ የምጀምረው ከሰባት ቤት ነው። የቤተ እስራኤል ልጅ እስከ ሰባት ትውልድ የሚዛመደውን አያገባም፤ ስለዚህ ወላጆቻችን የአባትና የእናት ወገን ቆጥረው ማወቅ ግዴታቸው ነበር። አዲስ ቡድን ስይዝ ልጆቹን «ሰባት ቤት ቆጥራችሁ ኑ» እላቸዋለሁ። አንድ የ15 ዓመት ልጅ ሁለት ስም ብቻ ይዞ መጣ፤ የአባቱንና የአያቱን። አያቱን አላወቃቸውም። «አባቴ እሱን ነገር አያውቅም፤ ማታ ማታ እየሠራ ቀን ይተኛል» አለ። እዚያው ፊታችን ደውልለት አልኩት። ደወለ፤ ድምፅ ማጉያውን ከፈተ። አባትየው ከእንቅልፍ የተነሣ ሰው ድምፅ ነበራቸው። ነገሩን እንደሰሙ ግን ሳይቆሙ ሰባቱንም ዘረዘሩ፤ ከየስሙ ጋር መንደሩን፣ ማን ቀጥቃጭ እንደነበረ፣ ማን ሸማኔ፣ ማን ከየት እንዳገባ። ከዚያ የእናትየውን ወገን ጀመሩ። ልጆቹ መጻፍ አቃታቸው፤ «አባባ፣ ቀስ ይበሉ!» እያሉ ጮሁ። ልጁ ስልኩን ይዞ ቆሞ አባቱን ያዳምጣል፤ ዐይኑ ስልኩ ላይ ነው።

አርብ ጠዋት አባትየው ራሳቸው መጡ። ፕሮጀክተሩን ከፍተን የኢትዮጵያን ካርታ ግድግዳው ላይ አወጣን፤ መጀመሪያ ከተማና ድንበር የተጻፈበትን ካርታ። ዝም አሉ። ፊደል እንደማያነቡ ገባኝ፤ ልጁም ገባው፣ አንገቱን ደፋ። ከዚያ አንዱ ልጅ የሳተላይቱን ምስል አወጣ፤ ተራራው፣ ሸለቆው፣ ወንዙ ብቅ አለ። አባትየው ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደ ግድግዳው ቀረቡ፤ «ይሄ አንገረብ ነው» አሉ። ጣታቸውን ወንዙ ላይ አድርገው ወደ ምዕራብ መሩን፤ ልጃቸው ማውሱን ይዞ ይከተላቸዋል። የት ቀን ተደብቀው እንደዋሉ፣ የት ሌሊት እንደተጓዙ፣ መሪያቸው ጥሏቸው የሄደበትን ገደል፣ ውኃ ያገኙበትን ቦታ አሳዩን። ወንዙን ይዘው ወደ ሱዳን ወረዱ። ሲጓዙ እሳቸው ራሳቸው የ12 ዓመት ልጅ ነበሩ። ገዳሪፍ አካባቢ ኡም ራኩባ የሚባለው መጠለያ ላይ ደርሰው ቆሙ። «እዚህ እህቴ ቀረች» አሉ። ጣታቸውን አላነሡም።

ያ አባት አንድ ፊደል ሳያነቡ፣ ያን ሁሉ አገር ከ40 ዓመት በኋላ ከሰማይ ላይ በተነሣ ፎቶ ያነበቡ ሰው ናቸው። እኔ ጂኦግራፊ ተምሬያለሁ፤ እንደዚያ ማንበብ አልችልም። ልጆቹም እንደማይችሉ ያውቃሉ። ከክፍሉ ሲወጡ ልጆቹ አባትየውን ከበው ጥያቄ በጥያቄ አደረጓቸው። የእሳቸው ልጅ በሒሳብ አሁንም ይቸገራል፤ ማርፈዱንም አልተወም። የተለወጠው ነገር አባቱን መጠየቁ ነው። ማታ ወደ ሥራ ከመሄዳቸው በፊት አብረው ይቀመጣሉ፤ ስልኩ ላይ ድምፃቸውን ይቀዳል።

በሱዳን መንገድ ላይና በመጠለያ ወደ 4 ሺህ የሚገመቱ ሰዎች ሞተው ሳይደርሱ ቀሩ። ኢየሩሳሌም፣ ሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ አላቸው፤ የኢየሩሳሌም ቀን በሚባለው በዓል በመንግሥት ደረጃ ይታሰባሉ። ልጆቹን እዚያ እወስዳለሁ። ልጅ ቅርሱን ሲወስድ ሐዘኑንም ጭምር መውሰድ አለበት ብዬ አምናለሁ። አንዳንድ ባልደረቦቼ «ከባድ ነው፤ ጥሩ ጥሩውን እናሳያቸው» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ልጆቹ እቤት ዝምታ እንዳለ ያውቃሉ፤ የማያውቁት ምክንያቱን ነው። ምክንያቱን ካላወቁ ዝምታውን አለማወቅ አድርገው ይወስዱታል።

ሌላም የተደበቀ ነገር አለ፤ ይህን በተለይ ኢትዮጵያ ውስጥ ሆናችሁ ለምታነቡኝ እላለሁ። አያቶቻችን ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔ ነበሩ። የገበሬው ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ፣ የቤቱ ድስትና ምጣድ፣ እንስራው ከእጃቸው ይወጣ ነበር። በቀን ማረሻ የሚያሠራቸው ጎረቤት ማታ ቡዳ እያለ ይፈራቸዋል፤ ፈላሻ እያለ ይሰድባቸዋል። ብዙ አያቶች እስራኤል ሲገቡ ሙያውን ትተው ስለ ሙያው ማውራትም ትተዋል፤ ያፍሩበት ነበርና። የልጅ ልጃቸው ሙዚየም ውስጥ ጎንደር አጠገብ ያለችውን የወለቃን መንደር የሸክላ አንበሳ አይቶ «ቆንጆ ነው» ይላል፤ አያቱ በዚያ እጅ ምን ያህል ስድብ እንደጠገቡ አያውቅም። አንዴ ጡረታ የወጡ ቀጥቃጭ ማዕከላችን መጥተው ወናፍ እንዴት እንደሚሠራ፣ ብረቱ ምን ዓይነት ቀይ ሲሆን እንደሚመታ በእጃቸው ሲያሳዩ፣ የቴክኒክ ትምህርት የሚማሩ ሁለት ወንዶች ልጆች ስለ ሙቀቱ ጠይቀው አልጠግብ አሉ። ሽማግሌው ስለ ሥራቸው እንዲህ የተጠየቁት መቼ ነበር? እኔ አላውቅም፤ እሳቸው ግን በሳምንቱ ሳይጠሩ ተመልሰው መጡ።

መካሪው ራሱ ልጁን መምሰሉ ይጠቅማል ወይ? ይጠቅማል፤ በጣም። አዲሱ መሰለ እ.ኤ.አ. በ1996 ክኔሴት፣ የእስራኤል ምክር ቤት፣ ሲገቡ፣ በላይነሽ ዘቫዲያ በ2012 አምባሳደር ሆነው ወደ አዲስ አበባ ሲላኩ፣ በሦስት ዓመቷ በዘመቻ ሙሴ የመጣችው ፕኒና ታማኖ ሻታ በ2020 ሚኒስትር ስትሆን ቤታችን ውስጥ የሆነውን አስታውሳለሁ። እናቴ ቴሌቪዥኑን ጠጋ ብላ እልል አለች። ልጅ እንዲህ ያለውን ሲያይ የሚዘጋበት በር እንዳለ ቢያውቅም የሚከፈትም እንዳለ ያምናል።

ግን ሁለት ነገር አለብኝ። አንደኛው፣ የእኛን መካሪዎች ለእኛ ልጆች ብቻ መመደብ ልማድ ሆኗል። ኢትዮጵያዊ መካሪ ተፈልጎ ሲመጣ ኢትዮጵያዊ ልጅ ይሰጠዋል፤ «ድልድይ» ይባላል፤ እዚያው ይቀራል። የሩሲያኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ልጅ፣ የሞሮኮ አያት ያለው ልጅ፣ እኔን የመሰለች ሴት ሒሳብ ስታስረዳው፣ ስትቆጣው፣ ስታበረታታው ካላየ፣ ነገ ሥራ ቀጣሪ ወይም ፖሊስ ሲሆን እኛን ከየት ያውቀናል? በቅልቅል ቡድን ውስጥ ስሠራ ያየሁት ይህ ነው፦ የእኛ ልጆች ቀና የሚሉት ሌሎቹ ልጆች እኔን ሲሰሙ ሲያዩ ነው።

ሁለተኛው፣ ከእኛ ያልሆነ መካሪም ሊችል ይችላል። አንዲት ባልደረባ አለችኝ፤ ቤተሰቧ ከሞሮኮ ነው፣ አያቷ በ1950ዎቹ አዲስ መጪዎች ይኖሩበት በነበረው የድንኳንና የቆርቆሮ ሰፈር ነው ልጆቿን ያሳደገችው። አማርኛ አታውቅም። ግን ከልጅ ጋር ሥራ ከመጀመሯ በፊት ቤት ትሄዳለች፤ ትቀመጣለች፤ የቀረበላትን ትበላለች፤ ሦስተኛውን ሲኒ ሳትጠጣ አትነሣም። የእናትየውን ታሪክ ጠይቃ የአያቷን ትነግራለች። እናቶች ለእኔ የማይነግሩኝን ለእሷ በአስተርጓሚ ይነግሯታል። በአንጻሩ ደግሞ ከእኛው ወጥተው ወላጅን «ገና አልሠለጠኑም» በሚል ዐይን የሚያዩ መካሪዎች አሉ። ልጁ ያን ዐይን ወዲያው ያውቀዋል።

የእኛ ቅርስ አንድ ወጥ አለመሆኑም ይረሳል። ከትግራይና ከወልቃይት የመጡት ቤታቸው ትግርኛ ነው፤ በሱዳን በኩል ቀድመው ከገቡት ብዙዎቹ እነሱ ናቸው። ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ ጎንደርና አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት ጠብቀው፣ ከቤተሰብ ተከፋፍለው የመጡ አሉ። የእነሱ ልጅ ስለ በረሃው ጉዞ ሲወራ «የእኔ አባት ይህ ታሪክ የለውም» ብሎ ዝም ይላል። እኛው ውስጥ ደግሞ ማን ቀድሞ መጣ፣ ማን ንጹሕ ነው የሚባል ክፉ ንግግር አለ፤ ልጆቹ ይሰሙታል። ስለዚህ አንድ የሱዳን ታሪክ ከተነገረ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጎንደር ላይ ዓመታት የጠበቀች እናት መጥታ ትናገራለች። መጠበቅም መንገድ ነው እላቸዋለሁ፤ እናንተም በየቡድናችሁ እንዲህ አድርጉ።

ስለ ፖሊስም መናገር አለብኝ። በ2015 የአንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር መደብደብ በካሜራ ተቀርጾ ሲወጣ፣ በ2019 ደግሞ አንድ ወጣታችን ከሥራ ውጭ በነበረ ፖሊስ ተተኩሶበት ሲሞት፣ ልጆቻችን መንገድ ላይ ወጡ። ያኔ ማዕከሉ የሞላ ነበር። ወንዶቹ ልጆች የጠየቁኝ «እኛን ለምን?» ብለው ነው። መካሪ ለዚህ ጥያቄ ቀላል መልስ የለውም፤ ርእሱን ቀይሮ ስለ ፈተና ማውራት ግን መክዳት ነው። የምችለውን አደረግሁ። መብታቸውን የሚያስረዳ ጠበቃ ጠራሁ፤ ከእኛው የወጣ። በ1996 የለገስነው ደም በስውር እንደተጣለ ሲሰማ ኢየሩሳሌም ሄደው የተቃወሙ አባቶችንም ጠራሁ። ልጆቹ ወላጆቻቸው ዝም ብለው የኖሩ ይመስላቸው ነበር። ያኔ በሺዎች ሆነው በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት መቆማቸውን ሲሰሙ አንዱ ልጅ ወደ አባቱ ዞሮ «አንተም ነበርክ?» አለው። አባትየው ነበሩ።

ባህላችን ለመካሪ የሚሆን የራሱ አሠራርም አለው፤ ሽምግልና። ሁለት ልጆች በተቀረጸ ቪዲዮ ተጣልተው ሊታገዱ ሲሉ፣ ከእገዳው በፊት ሁለት ሽማግሌዎች እንዲያዩት ለመንኩ። ሽማግሌዎቹ አንዱ ሲናገር ሌላው እንዳያቋርጥ አስማሉ፤ አንደኛው እስኪጨርስ ጠበቁ፤ ከዚያ ሌላውን። ስለ ቪዲዮው የጠየቁት መጨረሻ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ቤተሰባቸው ነበር። ልጆቹ በማኅበራዊ ሚዲያ ዘመን ሙሉውን የሚያዳምጣቸው ትልቅ ሰው አግኝተው አያውቁም። ታረቁ። ደም የፈሰሰበት፣ ሴት ልጅ የተጎዳችበት ነገር ሲሆን ግን የሽማግሌ ጉዳይ አይደለም፤ ሕግ አለ። ይህን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ስግድ። ዮም ኪፑር ከሚባለው የስርየት ቀን በኋላ 50ኛው ቀን፣ በዕብራውያን አቆጣጠር ሔሽዋን በሚባለው ወር በ29 ይውላል፤ ከ2008 ጀምሮ በሕግ የአገር በዓል ነው። ጎንደር ሳሉ፣ በተለይ አምቦበር ላይ፣ ወላጆቻችን ጾመው፣ ንጹሕ ለብሰው፣ አንዳንዶቹ ድንጋይ ተሸክመው ተራራ ይወጡ ነበር፤ ቄስ የምንላቸው የሃይማኖት መሪዎቻችን ኦሪቱን ይዘው ይጸልያሉ፤ ከዕዝራና ከነህምያ ይነበባል፤ ሕዝቡ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ኢየሩሳሌምን ይለምናል። ዛሬ ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ አርሞን ሃናጺቭ ከሚባለው ከፍታ ላይ፣ በባለ ቀለም ጃንጥላዎች ሥር ያው ግዕዝ ይሰማል። ልጆቹን ይዤ ስሄድ ከአውቶቡሱ በፊት ጸሎቱን በየክፍሉ እናነባለን፤ ቄሱ ቀድመው መጥተው ያብራሩልናል። መጾም የፈለገ ይጾማል። እዚያ ስንደርስ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ትልቅ ሰው ይመደብለታል፤ ደረጃውን ደግፎ ያወጣል፣ ወንበር ይፈልጋል፣ ውኃ ይይዛል፣ አጠገባቸው ቆሞ ይጠይቃል። ምደባው ላይ ኢትዮጵያዊ ያልሆኑት ልጆችም አሉበት።

ለሚደውሉልኝ ትምህርት ቤቶችም አሁን መልሴ ይህ ነው። እመጣለሁ፤ ብቻዬን ግን አልመጣም። ከእናንተ ተማሪዎች ወላጆች አንዱን ወይም አንዷን ይዤ እመጣለሁ፤ የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው፣ እኔ አስተረጉማለሁ። እንደማንኛውም ጋባዥ መምህር ይከፈላቸዋል። ልጆቹ ከሳምንት በፊት ጥያቄ ያዘጋጃሉ። በዓሉ ካለፈ በኋላም በወላጅ ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ ይኖራል፤ ከልጁ ሌላ። አንዳንዶቹ ይህን ሲሰሙ ሌላ ሰው ፈለጉ። ሌሎቹ ተስማሙ፤ ከተስማሙት አንዱ ትምህርት ቤት ባለፈው ዓመት አንዲት የስፌት ባለሙያ አያትን ጠርቶ የሒሳብ መምህሩ ራሱ አጠገባቸው ተቀምጦ የሞሰቡን ጥለት ሲቆጥር ዋለ።

በዚህ ዓመት የያዝነው ሥራ ካርታው ነው። እያንዳንዱ ልጅ ወላጆቹ ወይም አያቶቹ የተወለዱበትን መንደር አግኝቶ፣ የመጡበትን መንገድ በራሳቸው ድምፅ አድርጎ ካርታው ላይ ያስቀምጣል። ወላጆች ማታ ስለሚሠሩ ስብሰባውን ወደ አርብ ጠዋት አዙረነዋል። ብዙዎቹ መንደሮች ዛሬ ስማቸው ካርታ ላይ የለም፤ የአንዳንዶቹ ስምም ተለውጧል። ስለዚህ ከጎንደር፣ ከደምቢያ፣ ከወገራ፣ ከሰሜን፣ ከአርማጭሆ፣ ከወልቃይትና ከሽሬ አካባቢ የምታነቡኝ ካላችሁ፣ በቀድሞ ጊዜ ቤተ እስራኤል ይኖሩበት የነበረ መንደር፣ መስጊዳቸው (የጸሎት ቤታቸውን እንዲህ ይሉት ነበር) የነበረበትን ቦታ፣ መቃብራቸው ያለበትን ኮረብታ የምታውቁ ከሆነ፣ ፎቶና የቦታውን ስም ጻፉልኝ። ሽማግሌ አጠገባችሁ ካለ ጠይቁልኝ፤ ድምፃቸውን ቅዱልኝ። ልጆቹ የመጣውን ሁሉ አርብ አርብ ከወላጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ያዩታል፤ «ይህ ቦታ ነው? አይደለም?» የሚሉት ወላጆቹ ናቸው።